ያ ርካሽ ጤፍ የማን ነበር? የደርግን ዘመንና የዛሬውን ገበያ ከይፋግ ስናየው

መቼም አንድ ቀን ስልካችሁ ላይ ሳይደርስ አይቀርም፤ በደርግ ጊዜ የነበረ የዕቃ ዋጋ ዝርዝር። ጤፍ ይህን ያህል ብር፣ በግ ይህን ያህል፣ ስኳር በሳንቲም። ከታች «ምነው ያ ጊዜ በተመለሰ» የሚል ጽሑፍና የሚያለቅስ ኢሞጂ አለ። ወዲያው ሌላው ይነሳና የቀይ ሽብር ፎቶ ይለጥፍበታል። ሁለቱ ወገኖች ይሰዳደባሉ፣ ሼር ይደረጋል፣ ያልፋል።

እኛ ይህን ገጽ የምናዘጋጀው ልጆች የተወለድነው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ለአንዱም ወገን ምስክር መሆን አንችልም። ግን አንድ ነገር ከነከነን። ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ገዢው የከፈለው ነው። ሻጩስ? ያን ጤፍ አርሶ፣ አርሞ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ ያመጣው ሰው በዚያ ዋጋ ሲሸጥ ምን ተረፈው? ዝርዝሩ ይህን አይናገርም። ስለዚህ ነገሩን ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከአንድ የገበሬ ገበያ ለማየት ሞከርን። የመረጥነው ይፋግን ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ ወረታን አልፋችሁ አዲስ ዘመን ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት ይፋግ። ሊቦ ከምከም ወረዳ ውስጥ ነው ያለችው። በምዕራብ በኩል ሜዳው ወደ ጣና ይወርዳል። በሚኒባስ ለሚያልፍ ሰው የጥቂት ደቂቃ እይታ ናት። ነገር ግን ከመቶ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ ዓመት በፊት ብትመጡ በጎጃምና በጎንደር መካከል የሚመላለስ ሲራራ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቃት ትልቅ ገበያና የቀረጥ ኬላ ነበረች። ገንዘቡ አሞሌ ጨው በሆነበት ዘመን እዚህ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ይህን የምንለው ለታሪክ ጌጥ አይደለም። «ገበያ» የሚባለው ነገር ለይፋግ ሰው ከውጭ የመጣ ትምህርት አለመሆኑን ለመናገር ነው። ኬላም እንደዚያው።

አሁን ሁለቱን ቃላት ቶሎ እንጨርሳቸው። ካፒታሊዝም ሲባል መሬቱም፣ ፋብሪካውም፣ ሱቁም የግለሰብ ሆኖ ዋጋን ሻጭና ገዢ የሚወስኑበት ሥርዓት ነው። ኮሙኒዝም ሲባል ደግሞ ሀብቱ የጋራ ሆኖ ምን ይመረት፣ በስንት ይሸጥ የሚለውን ዕቅድ የሚወስንበት ነው። ደርግ ራሱን ኮሙኒስት አገር ገነባሁ ብሎ አያውቅም፤ ታኅሣሥ 1967 ያወጀው «ኅብረተሰባዊነት» ማለትም ሶሻሊዝም ነው፣ ኮሙኒዝም የሩቅ ግብ ነበር። የዛሬዋ ኢትዮጵያም ንጹሕ ካፒታሊስት አይደለችም። ለምን እንዳልሆነች ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን። በመካከሉ ያለው የሰው ኑሮ ነው ዋናው።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መያዝ አይችልም፤ መሸጥ፣ ማከራየት፣ ማስያዝ ተከለከለ። ሠራተኛ ቀጥሮ ማሳረስም እንዲሁ፣ ከአቅመ ደካሞችና ከመሰሎቻቸው በቀር። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ገባሩ ከምርቱ ለባላባት እየቆረሰ በሚሰጥበት አገር፣ ይህ አዋጅ ነጻነት ነበር። «መሬት ላራሹ» ብለው የጮኹት ተማሪዎች ያሸነፉበት ቀን ነው።

በጎንደርና በጎጃም ግን ነገሩ ለየት ይላል። እዚህ የነበረው ርስት ነው። ሰው መሬቱን የሚያገኘው ከአቅኚው አባት ዘሩን ቆጥሮ ነው። ስለዚህ ብዙው ገበሬ ትንሽም ብትሆን «የኔ» የሚላት ነበረችው። አዋጁ ለእሱ ያን ያህል አዲስ መሬት አላመጣለትም፤ እንዲያውም ርስት የመጠየቅ መብቱን ነው የወሰደበት። በሌላ በኩል ግን በርስት ቆጠራ ውስጥ ቦታ ያልነበራቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ብዙ ሙስሊሞች፣ ቤተ እስራኤሎች። ለእነዚህ ሰዎች የገበሬ ማኅበሩ መሬት ሲያከፋፍል በስማቸው የተቆጠረ መሬት ያገኙበት የመጀመሪያ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ደርግ መሬት ሰጠን» የሚልና «ደርግ ርስታችንን ቀማን» የሚል ሁለት አዛውንት በአንድ ገበያ ላይ ብታገኙ አንዱ ውሸታም አይደለም።

አሁን ወደ ጤፉ እንምጣ።

ደርግ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረው። ሥራው እህልን በተቆረጠ ዋጋ ከገበሬው ገዝቶ ለሠራዊቱ፣ ለመንግሥት ተቋማትና ለከተማ ቀበሌዎች ማከፋፈል ነው። ለገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይወርድለታል፤ ማኅበሩ ደግሞ ለየቤተሰቡ ይደለድላል። ዋጋው ከገበያው ያነሰ ነው፤ ለዓመታትም ሳይነካ ቆይቷል። ሌላው ነገር ሁሉ ሲወደድ እሱ እዚያው ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከራሳችን ቁጥር ፈጥረን እናስላው። (የታሪክ ቁጥር አይደለም፣ ለምሳሌ ብቻ ነው።) አንድ ገበሬ 8 ኩንታል አገኘ እንበል። ኮታው 2 ኩንታል ነው። የመንግሥት ዋጋ 40 ብር፣ የገበያው 100 ብር። ሁለቱን ኩንታል ለመንግሥት ሲሰጥ 80 ብር ያገኛል፤ ገበያ ቢያወጣው 200 ያገኝ ነበር። 120 ብር ቀረበት። እሺ፣ ያማል ግን ይኖራል።

በቀጣዩ ዓመት በረዶ መታበትና 3 ኩንታል ብቻ አገኘ እንበል። ለልጆቹም አይበቃም። ኮታው ግን ሁልጊዜ የእሱን በረዶ አይቶ አይቀንስም። ምን ያደርጋል? ገበያ ወጥቶ 2 ኩንታል በ100 ይገዛል፣ ለመንግሥት በ40 ያስረክባል። ኪሳራው ያው 120 ብር ነው፤ ልዩነቱ አሁን የሚወጣው ከኪሱ መሆኑ ነው። ኪስ ውስጥ ብር ከሌለ ፍየሏ ትሸጣለች። ይህ የኛ ፈጠራ አይደለም። ኮታ ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ማስረከብ በዚያ ዘመን በብዙ አካባቢ የታወቀ ነገር ነበር።

እንግዲህ ስልካችሁ ላይ የሚዞረው የርካሽ ጤፍ ዋጋ ልዩነቱን ማን ሸፈነው? መንግሥት አይደለም። ያቺ ፍየል ናት።

«ታዲያ መንግሥት ለምን እንዲህ አደረገ፣ የገበሬ መንግሥት ነኝ እያለ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሱ ከተማ ነው። የካቲት 1966 ንጉሡን ካናወጡት ነገሮች አንዱ የነዳጅ ዋጋ ጨምሮ የታክሲ ሾፌሮች ያደረጉት አድማ ነው። ደርግ ራሱ በከተማ የዋጋ ቁጣ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ሥልጣን የያዘው። የተራበ ከተማና ያልተከፈለው ወታደር መንግሥት እንደሚጥል ከማንም በላይ ያውቃል። ገበሬው ተበታትኖ ነው የሚኖረው፤ በአንድ ቀን አድማ አይመታም። ስለዚህ ርካሹ እህል ወደሚጮኸው ሰው ሄደ።

ከተማም ቢሆን ገነት አልነበረም። በቀበሌው ሱቅ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት በራሽን ነው፤ ደብተር ይዞ ሰልፍ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ዕቃው ግን ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ሰልፉን መሸሽ የሚፈልግ ከጓሮ በር በውድ ይገዛል፤ ወይም ዘመድ ያስፈልገዋል። የዋጋ ዝርዝሩ ላይ «ስኳር በሳንቲም» ሲባል አጠገቡ የሰልፉ ሰዓት ቢጻፍ ጥሩ ነበር። ለይፋግ አካባቢ ገበሬ ደግሞ ችግሩ ድርብ ነው። እህሉን በርካሽ ሸጦ ያገኛትን ብር ይዞ ጨው፣ ጋዝ፣ አቡጀዲ ሲፈልግ ዕቃው እጥረት አለበት። ርካሽ ሽጦ ውድ መግዛት ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ኬላው። እህል ጭኖ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ለማለፍ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ያለ ፈቃድ የተያዘ ይወረሳል። ገበያ ከመንገድ የተወለደበት እንደ ይፋግ ያለ ቦታ መንገዱ ሲታነቅ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ነገሩ ከንግድ በላይም ይሄዳል። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ አንዱ ክፍለ ሀገር እህል አለው፣ ሌላው ይሞታል። ዋናዎቹ ምክንያቶች ድርቅና ጦርነት ናቸው፤ ግን ከተረፈው ወደተራበው እህል የሚያሻግረው ነጋዴ ኬላ ላይ መቆሙ አልረዳም።

መሬቱ ከተከፋፈለ በኋላ ደርግ ቀጣዩን እርምጃ ሞከረ፤ ገበሬው አብሮ እንዲያርስ። አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር ይባላል። ሦስት ደረጃ ነበረው፤ መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ። (አሁን እንደ ተረት ስም ይመስላል፤ ያኔ የካድሬ ስብሰባ ሁሉ የሚዘምረው ቃል ነበር።) በመልባ መሬቱ የጋራ ይሆናል፤ በሬው ግን ገና የግል ነው። በወልባ በሬውም ማረሻውም ይገባል። ወላንድ ብዙ ማኅበራት የሚዋሃዱበት ሩቅ ደረጃ ነው። ለአማራ ገበሬ በሬውን ለማኅበር ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ማኅበር የገቡት ለም መሬት፣ ማዳበሪያና ብድር ቀድመው ያገኙ ነበር፤ ያልገባው ወደ ዳገት ይገፋል። ግን የሠራም ያልሠራም በነጥብ ስለሚከፈለው፣ ነጥቡንም የሚጽፈው ሊቀመንበሩ ስለሆነ፣ ሰው ጉልበቱን ለጓሮው አትክልት ነው የሚያስቀምጠው።

ውጤቱን በአንድ ነገር ማየት ይቻላል። የካቲት 1982 መንግሥቱ ኃይለማርያም «ቅይጥ ኢኮኖሚ» አወጁ። ኮታ ይቀራል፣ ኬላ ይነሳል፣ ማኅበር መፍረስ ይቻላል ተባለ። ማኅበሮቹ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ፈረሱ። መሬቱን ተካፈሉ፣ በሬዎቹን ነዱ፤ አንዳንድ ቦታ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ሳይቀር ነቅለው ወሰዱ። ማንም ድምፅ ስጡ አላላቸውም፤ በእግራቸው ነው የመረጡት።

እዚህ ላይ ግን ለደርግ የሚቆጠር አንድ ነገር አለ፣ እሱም በይፋግ ጎረቤት ነው ያለው። ሩዝ።

ዛሬ ከይፋግ እስከ ወረታ፣ እስከ ደራ ያለው የጣና ዳር ሜዳ በክረምት ውኃ ተኝቶበት አረንጓዴ ሆኖ የምታዩት ሩዝ ነው። በፊት እዚያ ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ የፎገራ ከብት የሚሰማራበትና ውኃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ የሚዘራበት ነበር። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው ሩዝ አስተማሩ። የሞከሩትም በእነዚያው በምንተቻቸው ማኅበራት መሬት ላይ ነው፤ ደራ ውስጥ ጅግና፣ ፎገራ ውስጥ ሻጋ። እስካሁን ገበሬው የሚዘራው «ኤክስ-ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ማኅበር ነው። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሄዶ ከሰሜኖቹ ጋር ከተዋጋ ሠላሳ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ማለት ነው።

ታዲያ ሩዙ በደርግ ጊዜ አገር ምድሩን ሞላው? አልሞላም። ሩዙ የተስፋፋው ማኅበሩ ፈርሶ፣ ኬላው ተነስቶ፣ ገበሬው የፈለገውን ዘርቶ ለፈለገው መሸጥ ሲችል ነው። ወረታ ላይ የግል መፈልፈያዎች ተከፈቱ፣ ነጋዴ መጣ፣ የከተማ ሰው ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ጋገረው፣ ገለባው ለከብት መኖ ሆነ። አሁን ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ ጃፓኖች ይደግፉታል። እንግዲህ ዘሩን ኮሙኒስቶች አመጡት፣ ያበዛው ገበያ ነው። አንዱን ብቻ የሚያመሰግን ሰው ታሪኩን ግማሽ ነው የሚያወራው።

ተመሳሳይ ነገር ቬትናም ላይ ታገኛላችሁ። እዚያ ያለው ፓርቲ እስከ ዛሬ ኮሙኒስት ነው። ሩዝ የሚበላ አገር ሆኖ በማኅበር እርሻ ዘመን ሩዝ ከውጭ ያስገባ ነበር። በ1980 መሬቱን ለየቤተሰቡ በረጅም ጊዜ ውል መለሰ፤ በዓመቱ ሩዝ ላኪ አገር ሆነ። ያው ፓርቲ፣ ያው ሕዝብ፣ ያው ዝናብ። የተለወጠው ማለዳ ተነስቶ የሚያርሰው ሰው ምርቱ የማን እንደሚሆን ማወቁ ነው።

በዚያው በደርግ ዘመን ወጣት ብትሆኑስ ኖሮ? ይህ ጥያቄ እኛን የሚነካው ነው። ጥሩውን እናስቀድም። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በ15 ቋንቋዎች። ገጠር ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ሽማግሌው ከልጅ ልጁ እኩል «ሀ ሁ» ብሎ ፊርማውን የጻፈበት ጊዜ ነው፤ በዓለም ደረጃም ሽልማት አግኝቷል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ደግሞ ሥራ አይፈልግም፣ ይመደባል። ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ 50 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ 500 ብር። ዛሬ ሲቪ በፒዲኤፍ ይዞ ከቴሌግራም ቻናል ወደ ቴሌግራም ቻናል ለሚዞር ልጅ ይህ እንደ ሕልም ነው፤ የምንስቅበት አይደለም።

ምደባው ግን ወዴትም ሊሆን ይችላል፤ እምቢ ማለት ከባድ ነው። በ1975 ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው፣ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው። መሬት ላይ ግን ኮታ የሚወርደው ለእህል ብቻ አልሆነም፤ የገበሬ ማኅበሩ የልጅም ኮታ ነበረው። ገበያ ላይ አፈሳ ሲመጣ ጎረምሳ ሁሉ ይበተናል። ስንቱ እናት ልጇን ጎታ ውስጥ ደብቃለች። ከዚያ በፊት በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ጎንደር ከተማ ውስጥ የተፈጸመው ደግሞ ሌላ ረጅም ጽሑፍ የሚፈልግ ነው። ማንም «ርካሽ ነበር» የሚል ሰው ይህን ከሒሳቡ ማውጣት አይችልም።

አሁን ወደዚህ ዘመን እንምጣና በራሳችንም ላይ እንጨክን።

ኮታ የለም። ገበሬው ሩዙን ለማን እንደሚሸጥ እሱ ያውቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን አዝመራ ሲደርስ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይሸጣል፤ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ትምህርት፣ ግብር ይጠብቀዋል። መጋዘን ያለው ነጋዴ ጥቂት ወር መጠበቅ ይችላል፤ ገበሬው አይችልም። በክረምት ያው ሩዝ ሲወደድ ትርፉ የጠበቀው ሰው ነው። ከህንድ የሚመጣው ነጭ ሩዝ ደግሞ ከተማ ላይ ይፎካከረዋል። ደርግ ዋጋውን በትእዛዝ ይቆርጥ ነበር፤ አሁን የሚቆርጠው መጠበቅ አለመቻል ነው።

ማዳበሪያውስ? እዚህ ጋ ነገሩ ይገርማል። ሽያጩ የገበያ ነው፣ ግዢው ግን አሁንም ከመንግሥት ነው። ማዳበሪያ ከውጭ የሚያስገባው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ነው፣ ለገበሬው የሚደርሰውም በዩኒየንና በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ነው። በ2015 ሳይደርስ ቀርቶ በአማራ ክልል ገበሬዎች ሰልፍ እስከ መውጣት ደርሰዋል። ዋጋው ደግሞ በዶላር ነው። በደርግ ጊዜ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፤ እሱም በትእዛዝ ተይዞ። በ1985 ወደ 5 ብር ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የይፋግ ገበሬ ዶላር ዓይቶ አያውቅም እንበል፤ ዶላሩ ግን በማዳበሪያው ጆንያ ውስጥ ገብቶ ቤቱ ይመጣል።

ደርግ የከለከለው የቅጥር ሥራም ዛሬ የብዙ ልጅ መተዳደሪያ ነው። መሬቱ ለወንድማማቾች ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ አልበቃ ሲል፣ ልጁ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ማንም አላስገደደውም። አፈሳ አይደለም። ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ ሊቦ ከምከም ውስጥ አንድ የማይታወቅ በሽታ ገባ፤ ትኩሳት፣ ሆድ ማበጥ፣ መክሳት። መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። በ1997 ካላ አዛር መሆኑ ታወቀ፤ አዲስ ዘመን ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ሕክምና ከፈቱ። ተመራማሪዎች በሽታውን ያመጡት ከቆላው የሰሊጥ እርሻ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ይገምታሉ። እዚያ ዛፍ ሥር፣ ያለ አጎበር፣ ያለ ኢንሹራንስ ያደሩ ልጆች። የሰሊጡ ዋጋ ውስጥ ይህ አልተቆጠረም፤ ልክ የያኔው ጤፍ ዋጋ ውስጥ ፍየሏ እንዳልተቆጠረችው።

ኬላውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የሄደ አይመስለንም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ መኪና የማያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ ዳታም ለወራት ተዘግቶ ነበር፣ እናንተው ታስታውሱታላችሁ። መንገድ ሲዘጋ ገበያው «ነጻ» ነው መባሉ ለሩዝ ሻጩ ምንም አይጠቅመውም።

አሁን ቅድም ያስቀመጥናትን ነገር እናንሳ፤ ኢትዮጵያ ለምን ንጹሕ ካፒታሊስት አይደለችም ያልነውን። የደርግ ኮታ ሄዷል፣ ማኅበሩ ፈርሷል፣ ፓርቲው የለም። መሬቱ ግን እንዳለ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የ1967ቱ አዋጅ ልብ ገና ይመታል ማለት ነው። በ1989 አማራ ክልል ውስጥ እንደገና መሬት ሲሸነሸን ይህን ብዙ ሰው በራሱ አየው። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩ «ቢሮክራሲ» ተብለው፣ የንጉሡ ዘመን ሰዎች ደግሞ «ቀሪ ፊውዳል» ተብለው ይዞታቸው ወደ አንድ ሄክታር ገደማ ተቆረጠ። ደርግ በሰጠው የመወሰን ሥልጣን አዲሱ መንግሥት የደርግን ሰዎች ነቀለበት። ትንሽ መሬት ያገኙ ወጣቶችና ሴቶች ነበሩ፣ እሱም እውነት ነው። ግን መሬቱ የሰጪው ከሆነ ተቀባዩ ሁልጊዜ ቀና ብሎ ሰጪውን እያየ ነው የሚኖረው።

ከዚያ በኋላ የይዞታ ደብተር መጣ፤ የባልና የሚስት ፎቶ ያለበት። ይህ ለሴቶች ቀላል ነገር አይደለም፤ ባል ሲሞት ወይም ሲፈታት ባዶ እጇን የምትወጣ ሴት ዛሬ የምታሳየው ወረቀት አላት። ማከራየትም ተፈቀደ።

በ2016 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ አንድ እርምጃ ሄደ። ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደር ይችላል። ዕዳውን ካልከፈለ መሬቱ አይሸጥም፣ ሕገ መንግሥቱ አይፈቅድማ፤ አበዳሪው ለተወሰነ ጊዜ ይጠቀምበታል። ሩዝ መፈልፈያ መግዛት ለሚፈልግ የይፋግ ወጣት በር ሊከፍት ይችላል። አንድ ክፉ ዓመት ለመታው አባት ደግሞ ልጆቹ በገዛ መሬታቸው ላይ ለሌላ ሰው በቀን ሥራ የሚያርሙበት ዓመታት ማለት ሊሆን ይችላል። ደብተሩ እስካሁን በብዙ ቤት ሳጥን ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው ያለው።